«ሲቢቲ ይሻለኛል ወይስ ዝም ብሎ ማውራት?» ስለ ቴራፒ ደጋግማችሁ ምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ህንጻ ሶስተኛ ፎቅ ላይ ነው ምሰራው፣ ካውንስለር ነኝ። ሊፍቱ ከሚሰራበት ማይሰራበት ቀን ስለሚበልጥ ሰው ሁሉ እያለከለከ ነው ሚገባው፣ መጀመሪያ ውሃ እሰጣለሁ፣ ትንፋሹ ሲመለስ ጥያቄው ይጀምራል፣ ጥያቄው ደሞ ከሰው ሰው ብዙም አይለያይም። ስለዚ ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኩት። ምጠቅሳቸው ታሪኮች የአንድ ሰው አይደሉም፣ የብዙ ሰው ተቀላቅሎ ነው፣ «እኔን ነው» ብላችሁ እንዳትደውሉልኝ። አመተ ምህረቱም ካልነገርኳችሁ በቀር የፈረንጅ ነው።

ካውንስሊንግ ማለት ምክር አይደል? ታዲያ ለምን አትመክሪኝም?

ይሄ ቁጥር አንድ ነው፣ በንዴት ጭምር ሚጠየቅ። ሰው ከፍሎ ገብቶ አርባ ደቂቃ ሙሉ ሆዱን ዘርግፎ ሲያበቃ «እና ምን ላድርግ?» ይላል፣ እኔ «አንተስ ምን ታስባለህ?» ስል አንዱ ምን አለኝ፣ «እሱን ባውቅማ ሶስት ፎቅ ምን አስወጣኝ»። እውነቱን ነው እኮ። ጥፋቱ የቃሉ ነው። «የምክር አገልግሎት» ብለን ተረጎምነው፣ ምክር ደሞ እኛ ጋ ከላይ ወደ ታች ነው ሚወርደው፣ ሽማግሌ ይመክራል፣ የንስሐ አባት ይመክራል፣ ታላቅ እህት «ተዪው ይሄን ሰውዬ» ትላለች፣ አንቺ «እሺ» ብለሽ ትወጫለሽ ከዛ አታደርጊውም።

አሜሪካም ድሮ እንደዛ ነበር፣ ካውንስለር ማለት ፈተና ፈትኖ «አንተ ለዚህ ነው ምትሆነው» ብሎ ሚመራ ሰው ነበር። ካርል ሮጀርስ ሚባል ሳይኮሎጂስት በ1942 ባወጣው መጽሐፍ ነው ነገሩን የገለበጠው፣ ሰውየው መውጫውን ራሱ ማግኘት ይችላል፣ ያንተ ስራ ከልብ መስማት፣ ሳትፈርድ መቀበል፣ ራስህም አለማስመሰል ነው አለ። እኔ ሮጀርስን እወደዋለሁ፣ ግን ንጹህ ሮጀርስ አራት ኪሎ ላይ መጀመሪያ ቀን አይሰራም፣ ሰው የተታለለ ነው ሚመስለው። ስለዚ ገና ሲቀመጡ እነግራቸዋለሁ፣ እዚ ምክር ሳይሆን ምክክር ነው ሚደረገው፣ ምክክር ደሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሰሞኑን ይሄን ካልኩ ወዲህ ሁለተኛ ቀን ሳይመጣ ሚቀር ሰው ቀንሶልኛል።

ሳይካትሪስት፣ ሳይኮሎጂስት፣ ካውንስለር... ማን ጋ ነው ምሄደው?

ሳይካትሪስት ሀኪም ነው፣ መድሃኒት ያዛል። ድሮ ለዚህ ትምህርት ውጪ ነበር ሚኬደው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ማሰልጠን የጀመረው በ2003 ነው፣ ስለዚ ወረፋው ቢረዝም አትገረሙ። ሳይኮሎጂስትና ካውንስለር መድሃኒት አያዝም፣ በንግግር ነው ሚሰራው። ላይፍ ኮች (የህይወት አሰልጣኝ ነኝ ሚለው) ሌላ ነው፣ ቢዝነስ ካርዱ ላይ ያለውን ማዕረግ ሳይሆን ምን እንደተማረና የት እንደሰራ ጠይቁት፣ ሚናደድ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ሁሉም ሰው ሲቢቲ ሲቢቲ ይላል፣ ምንድን ነው እሱ?

ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ሲያጥር ነው፣ ሀሳብና ድርጊት ላይ ሚሰራ ቴራፒ። አሮን ቤክ ሚባል የፊላደልፊያ ሀኪም ነው አባቱ፣ በ2021 በመቶ አመቱ ነው ያረፈው። ሰውዬው መጀመሪያ የፍሮይድን (ስለ ልጅነትና ስለ ህልም ሚያስወራውን የቪየናውን ሀኪም) መንገድ ነበር የተማረው፣ በዛን ጊዜ ድብርት ማለት ወደ ውስጥ የዞረ ንዴት ነው ይባል ስለነበር እሱን በጥናት ላረጋግጥ ብሎ የታካሚዎቹን ህልም ሰበሰበ፣ ሲያየው ህልሙ ላይ ያለው ንዴት ሳይሆን ማጣትና መሸነፍ ሆኖ አገኘው። ከዛ በ60ዎቹ እነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ውስጣቸው ሽው እያለ ሚያልፍ ሀሳብ እንዳለ አስተዋለ፣ ሳይጠሩት ሚመጣ፣ ሳይመረምሩት ሚያምኑት። ሲቢቲ እሱን ሀሳብ ይዞ ማስቆምና «መረጃህ ምንድን ነው?» ማለት ነው በአጭሩ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ስታዲየም አካባቢ ባንክ ምትሰራ ልጅ፣ ጠዋት አለቃዋ ሰላም ሳይላት አለፈ። ወዲያው «ምን አጠፋሁ» አለች፣ ሆዷ ታመመ፣ ምሳ ሰአት ከሰው ጋር አልወጣችም፣ ማታ የስራ ማስታወቂያ ስታይ አመሸች። ወረቀት ላይ አራት መስመር አሰመርን፣ ምን ሆነ፣ ምን አሰብሽ፣ ምን ተሰማሽ፣ ምን አደረግሽ። ወረቀት ላይ ሲቀመጥ «ሰላም አላለኝም» ከሚለው «ሊያባርረኝ ነው» ወደሚለው እንዴት እንደዘለለች ራሷ አይታው ሳቀች።

ግን እዚ ጋ አንድ ነገር። ከውጪ መጽሐፍ ብቻ የተማረ ቴራፒስት «ይሄ የተዛባ ሀሳብ ነው፣ የሰው ልብ አንብበሻል» ብሎ ያልፋታል። እኛ ሀገር ግን ሰላም አለማለት እኮ ባዶ ነገር አይደለም፣ ሰው ሲቀየም መጀመሪያ ሚነፍገው ሰላምታ ነው። ስለዚ ሀሳቧ ሞኝነት አልነበረም፣ ማጣራት ነው የሚያስፈልገው። ልጅቷ በማግስቱ ቀድማ «ደህና አደሩ» አለችው፣ ሰውዬው ጆሮው ላይ ያለውን ኢርፎን አውጥቶ «አቤት?» አላት። በቃ ይሄው ነበር ጉዳዩ።

ሲቢቲ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ነው፣ እቅድ አለው፣ የቤት ስራ አለው። የቤት ስራው ላይ ነው ሰው ሚወድቀው፣ ስንፍና አይደለም፣ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሰው እየኖረ ደብተር ላይ «ዛሬ መሞት አሰኘኝ» ብሎ መጻፍ አይቻልም፣ እናት ታነበዋለች። ስለዚ ስልክ ላይ በፓስወርድ፣ ወይ በድምጽ ቅጂ እናደርገዋለን።

ታክሲ ውስጥ ልቤ ሊወጣ ይደርሳል፣ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ሶስቴ ተነስቼ ምንም የለም ተባልኩ። ስለ ልጅነቴ ማውራት አለብኝ?

የለብሽም፣ ቢያንስ አሁን። ይሄ ጥያቄ ላይ የቴራፒው አይነት የምር ለውጥ ያመጣል፣ ስለዚ ትንሽ ላብራራ።

ነገሩ እንዲህ ነው ሚሰራው፣ ልብሽ ይመታል፣ «ልሞት ነው» ትያለሽ፣ ሲፈራ ደሞ ልብ ይብሱን ይመታል፣ «ወራጅ አለ!» ብለሽ ሜክሲኮ ሳትደርሺ ትወርጃለሽ፣ እንደወረድሽ ቀለል ይልሻል። ችግሩ ያለው እዚህ ቅለቱ ላይ ነው፣ አእምሮሽ «ስለወረድኩ ተረፍኩ» ብሎ ይመዘግባል፣ በነጋታው ታክሲ ገና ስታዪ ይጀምርሻል። ከወር በኋላ ራይድ ብቻ፣ ከዛ ራይድም ወንድምሽ ካለ ብቻ፣ ከዛ ቤት።

መድሃኒቱ መራቅን በትንሽ በትንሹ መገልበጥ ነው፣ ኤክስፖዠር ይባላል። ሀሳቡ የቆየ ነው፣ በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ ሚባሉ አሜሪካዊት ጥንቸል ሚፈራ አንድ ህጻን ምግቡን እየበላ ጥንቸሏን ቀን በቀን ጠጋ ጠጋ እያደረጉ እስኪነካት አድርሰውታል። እኛም ያው ነው። መጀመሪያ ቆሞ ሰው ሚጠብቅ ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ፣ ሲሞላ መውረድ (ረዳቱ ይሰድብሻል፣ እሱም ኤክስፖዠር ነው)። ከዛ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በሩ ጋ ተቀምጦ። ከዛ ያንኑ መንገድ የኋላ ወንበር መሀል ላይ ተጨናንቆ። ህጉ አንድ ነው፣ ፍርሃቱ ከፍ ባለበት ሰአት አይወረድም፣ እዛው ተቀምጠሽ ራሱ ሲበርድ ታዪዋለሽ፣ ይበርዳል ደሞ፣ ሰውነት እንደዛ ለረጅም ሰአት መቆየት አይችልም።

ለታክሲ፣ ለሊፍት፣ ለውሻ ብቻ አይደለም። እጅ መታጠብ ማይበቃቸው፣ በር ደጋግመው ሚፈትሹ፣ ወይ ደሞ ጸሎት ላይ ክፉ ሀሳብ መጥቶብኝ ብለው በቀን ሶስቴ ንስሐ አባታቸው ጋ ሚደውሉ ሰዎችም (ይሄ ብዙ ነው፣ ሰው ግን አያወራውም) በዚሁ ዘዴ ነው ሚታከሙት፣ ያ ሀሳብ ሲመጣ ማስተንፈሻውን (መታጠቡን፣ መፈተሹን፣ መደወሉን) ባለማድረግ። እንደዚህ አይነት ሰው ሲመጣ በፈቃዱ ከንስሐ አባቱ ጋር ብናወራ ደስ ይለኛል፣ አብዛኞቹ አባቶች ቀድመው የገባቸው ነገር ነው። ሁለት አመት ስለ አባትሽ ብናወራ ግን ታክሲ ላይ አያወጣሽም።

ታዲያ ስለ ድሮ ማውራት ጥቅም የለውም ማለት ነው? ፍሮይድስ?

አረ አለው። ፍሮይድ ቪየና ውስጥ ሲያደርገው የነበረው፣ ሶፋ ላይ አስተኝቶ በሳምንት አምስት ስድስት ቀን፣ ለኛ ኑሮ አይሆንም። ዛሬ ሳይኮዳይናሚክ ሚባለው የሱ የልጅ ልጅ ነው፣ በሳምንት አንዴ ፊት ለፊት ተቀምጦ። ለማን ነው ሚሆነው፣ ሶስት ስራ ቀይራ ሶስቱም ቦታ በአንድ አይነት ጸብ ለወጣች፣ ወይ ሁሌ ማይገኝ ወንድ ለምትመርጥ።

አንድ ትልቅ ሰውዬ፣ ልጃቸው እኔን ትበልጣለች፣ «እርስዎ» ብለው ነው ሚጠሩኝ፣ ምለውን ሁሉ «ልክ ነዎት» ይላሉ። አንድ ቀን ሆን ብዬ ስማቸውን አሳስቼ ጠራሁ፣ «አቤት» አሉኝ! የራሳቸው ያልሆነ ስም ተቀብለው። እዛ ላይ ቆምን፣ ማን ፊት ነው እንዲህ ሚሆኑት ስል የአባታቸው ቀበቶ መጣ። የውጪው ህይወት ክፍሉ ውስጥ ይደገማል ሚሉት ይሄ ነው፣ ፍሮይድ ካስተዋላቸው ነገሮች እስካሁን ምጠቀምበት እሱን ነው። ሶፋ አለኝ በነገራችን ላይ፣ ግን ስፕሪንጉ ስለሚወጋ ሰው ቦርሳ ነው ሚያስቀምጥበት።

እና በጥናት የትኛው ነው ሚበልጠው?

ለድብርት ከሆነ በደንብ የተጠኑት ሲወዳደሩ ውጤታቸው ተቀራራቢ ነው። ሶል ሮዘንዝዋይግ ሚባል ሳይኮሎጂስት በ1936 ይሄን ቀድሞ ተናግሮታል፣ ከልጆች መጽሐፍ ላይ ጠቅሶ፣ ዶዶ ሚባለው ወፍ ከሩጫው በኋላ «ሁሉም አሸንፏል፣ ሁሉም ይሸለም» እንዳለው ነው ብሎ፣ እስካሁን «የዶዶ ፍርድ» እየተባለ ይከራከሩበታል። በ1996 ደሞ አሜሪካ ውስጥ እነ ጄከብሰን ሲቢቲን በታትነው ሞከሩት፣ ሀሳብ መመርመሩን ትተው ሰውየውን ከአልጋ አስነስቶ ቀስ በቀስ ወደ እንቅስቃሴ መመለሱን ብቻ ሲሰጡ ከሙሉው ያላነሰ ሰራ። ስለዚ ድብርት ውስጥ ሆናችሁ «ትክክለኛውን ቴራፒ እስካገኝ» ብላችሁ አትጠብቁ።

ከስሙ ይልቅ ምታወሩት ሰው ነው ወሳኙ፣ ከላይ ካልኳቸው እነ ፍርሃትና ድግግሞሽ በቀር። እኔ ተማሪ እያለሁ አንድ ቦታ ሄጄ ነበር፣ ሰውዬው በመጀመሪያው ቀጠሮ ሶስቴ ስልክ አነሳ፣ አንዱ የመኪና ጎማ ጉዳይ ነበር፣ ከዛ ሰአቱ ሊያልቅ ሲል ስለ ትዕግስት ሰበከኝ። ሁለት አመት ማንም ጋ አልሄድኩም፣ ችግሩ ከኔ ነው ብዬ። ሶስት አራት ቀጠሮ ሄዳችሁ ምን ላይ እየሰራችሁ እንደሆነ በአንድ አረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ጠይቁት፣ መልሱ ካላረካችሁ ቀይሩ፣ ይሉኝታ አይያዛችሁ። ቴራፒስት መቀየር ነውር አይደለም፣ ጸጉር ሰሪ ትቀይሩ የለ።

ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ነገር አይደለም? እኛ ሀገር ይሰራል?

ኡጋንዳ ገጠር ሰርቷል። በ2003 የወጣ ጥናት አለ፣ በድብርት የተጎዱ ሰዎችን በቡድን ሰብስበው ኢንተርፐርሰናል ሚባለውን፣ ከሰው ጋር ባለን ግንኙነት ላይ ሚሰራውን ቴራፒ የሰጡት ሀኪሞች ሳይሆኑ ስልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሰዎች ናቸው፣ ለውጡ ትልቅ ነበር። ዚምባብዌ ደሞ ዲክሰን ቺባንዳ ሚባል ሳይካትሪስት በ2006 ሀራሬ ላይ አያቶችን አሰልጥኖ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፣ ሰው ይመጣል፣ ችግሩን ይዘረዝራል፣ አንዱን መርጠው አብረው መላ ይፈልጉለታል፣ እሱም በ2016 በጥናት ተረጋግጧል። ደስ ያለኝ ምን መሰላችሁ፣ እነሱ ድብርት አይሉትም፣ በሾና «ኩፉንጊሲሳ» ነው ሚሉት፣ ብዙ ማሰብ ማለት። እኛስ? «ሀሳብ ገባው»፣ «ሀሳብ በላት» እንል የለ።

ኢንተርፐርሰናሉ እንደውም ለአሁኑ አዲስ አበባ የተሰራ ነው ሚመስለኝ። ሚጠይቃችሁ አራት ነገር ነው፣ ሰው ሞቶባችኋል? ከማን ተጣላችሁ? ኑሯችሁ ምን ተለወጠ? ብቸኝነት ነው? ፒያሳ በ2016 በኛ ሲፈርስ፣ ከዛ ካዛንቺስ ሲከተል፣ ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም የገቡ እናቶች ልጆቻቸው ይዘዋቸው ይመጣሉ፣ «ቤቱ ጥሩ ነው፣ ውሃም አለው፣ ግን ዝም አለች» ይላሉ። ሲቢቲ ይዤ ሀሳባቸውን ልመርምር? ሀሳባቸው ልክ ነው እኮ፣ ያጡት ነገር የምር ነው። «ቡና ከማን ጋር ነበር ሚጠጡት?» እላለሁ፣ አንድ በአንድ ይቆጥሩልኛል፣ እገሊት አያት ሰፈር ገባች፣ እገሊት ቱሉ ዲምቱ፣ እገሊት የት እንደገባች ሳይታወቅ። ስራው ከዛ ይጀምራል፣ ስልክ መፈለግ፣ በወር አንዴ አንዷ ቤት መገናኘት፣ የእድሩን ነገር ማጣራት፣ አዲሱ ፎቅ ላይ አንድ በር ማንኳኳት፣ መሀል ላይ ደሞ ማልቀስ።

መጥፎ ነገር ደርሶብኛል፣ እሱን ማውራት አልችልም።

አትገደዱም። ለትሮማ ጥሩ መረጃ ያላቸው ሁለት ናቸው፣ ትሮማ ላይ ያተኮረው ሲቢቲና ኢኤምዲአር። ሁለተኛው በ1987 ፍራንሲን ሻፒሮ የጀመረችው ነው፣ ትዝታውን እያሰባችሁ አይናችሁን ግራ ቀኝ ታንቀሳቅሳላችሁ፣ ዝርዝሩን ብዙ ማውራት ግድ አይደለም። አይኑን ማንቀሳቀሱ ነው ወይስ ትዝታውን መጋፈጡ ነው ሚያድነው ሚለው ክርክር አላለቀም፣ ለታካሚው ግን ልዩነት የለውም። የሰለጠነ ሰው ፈልጉ፣ በዩቲዩብ አይሞከርም።

ጸበል ላይ ነኝ፣ ቴራፒ መጀመር እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ሩቅያም ቢሆን እንደዛው። አንድ ነገር ብቻ፣ «ክኒኑን ጣል» ሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሀኪማችሁን ሳታናግሩ አትጣሉ።

መድሃኒት ወይስ ቴራፒ? መድሃኒቱ ሱስ አያስይዝም?

ቀላልና መካከለኛ ድብርት ላይ ቴራፒ ብቻውን ይሰራል፣ ሲከብድ ሁለቱ አንድ ላይ ይሻላሉ፣ ባይፖላር (ስሜት በጣም ከፍና ዝቅ ሚልበት ህመም) ከሆነ ወይ ሌላው ማይሰማውን ድምጽ መስማት ካለ ግን መጀመሪያ ሳይካትሪስት ነው፣ እኔ ጋ ብትመጡም ወደዛ ነው ምልካችሁ። የድብርት መድሃኒቶቹ፣ እነ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን፣ ለመስራት ሳምንታት ይፈልጋሉ፣ ሰው በአምስተኛው ቀን «አልሰራልኝም» ብሎ ይተዋል። እንደ ማረጋጊያው ዳያዜፓም ሱስ አያስይዙም ግን በአንዴም አይቆሙም፣ በሀኪም ቀስ እየተባለ ነው።

አማኑኤል ስትባሉ አትደንግጡ። ከጣልያን ጊዜ ጀምሮ ያለ ሆስፒታል ነው፣ «አማኑኤል ገባ» ሚለው ስድብ ነው ሰውን ያስቀረው። ካልፈለጋችሁ ጳውሎስም ዘውዲቱም የአእምሮ ህክምና አለ። ራሳችሁን ስለማጥፋት እያሰባችሁ ከሆነ ደሞ የኔን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ዛሬ፣ ብቻችሁን ሳትሆኑ፣ ቅርብ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ባለቤቴ «ሽማግሌ ይበቃናል» ይላል።

ሽማግሌ ሊያስታርቅ ነው ሚመጣው፣ ሳይታረቁ መሄድ ለሱ ሽንፈት ነው። እኔ ጋ መታረቅም መለያየትም ውጤት ነው፣ ያንን አስረጂው። እምቢ ካለ ብቻሽን ነይ፣ አንድ ሰው ሲቀየር ሌላኛው እንደድሮው መጣላት ያቅተዋል።

ሚስጥሬ ይጠበቃል? አዲስ አበባ ጠባብ ናት።

ናት። መንገድ ላይ ካገኘኋችሁ ቀድማችሁ ሰላም ካላላችሁኝ አልላችሁም፣ አልተቀየምኩም። ያወራችሁት ከክፍሉ አይወጣም፣ የሰው ህይወት አደጋ ላይ ካልሆነ ወይ ህጻን ልጅ እየተጎዳ ካልሆነ በቀር፣ ይሄንንም በመጀመሪያው ቀን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ቀን ምን ብዬ ልጀምር?

«እንዴት ነሽ?» እላለሁ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትያለሽ። «ቤተሰብስ?» «ደህና ናቸው፣ ይመስገን»። ሁላችንም እንደዚህ ነው ምንጀምረው፣ አንዳንዱ ሰው ሃያ ደቂቃ እዚሁ ላይ ይቆያል፣ ስለ መንገድ መዘጋጋት ያወራል፣ ከዛ ቦርሳውን አንስቶ ሊወጣ ሲል በሩ ጋ ቆሞ ዋናውን ይናገራል። ችግር የለም፣ ከሱ እንጀምራለን በሚቀጥለው። ብቻ ከቀጠሯችሁ አስር ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ ሊፍቱ ነገር።